ቀለህ የሚሞላው ባሩድ

ሽጉጥ ተኩሼ አላውቅም፤ የመተኮስ ሐሳብም የለኝም። ግን በእኛ ቤት ባሩድ የምመርጠው እኔ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ የቤተ ክርስቲያን እህቶቼማ «በስመ አብ!» ብለው ያማትባሉ። ይሳቁ፣ ያማትቡ። የመጀመሪያውን የባሩድ ቆርቆሮ የመረጠው ባለቤቴ ነበር፤ ሁለተኛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ምርጫው ከእሱ እጅ ወጥቶ ወደ እኔ የመጣው በቀኝ እጁ ምክንያት ነው። የማወራውም ስለዚያ እጅ ነው።

ነገሩ የጀመረው የነዳጅ ዋጋ ወድቆ የካናዳዋ ካልጋሪ ጭር ባለችበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ ዳውንታውን አንድ ቢሮ ውስጥ የቧንቧ መስመር ንድፍ ይሠራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሄዶ ከምሳ በፊት ካርቶን ታቅፎ ተመለሰ። ካርቶኑ ውስጥ አንድ ስኒ፣ አንድ ሹራብና አንድ ማስመሪያ ነበር። «ሌይኦፍ አደረጉኝ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ደግሞ ቁጣ ይቀድመኛል። ቢሮውን ረገምኩ፣ አለቃውን ረገምኩ፣ ከመሬት በታች ያለውን ዘይት ሳይቀር ረገምኩ። ሲደክመኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያባበለኝ እሱ ነው። ሥራ ያጣው እሱ፣ የምትባበለው እኔ! ወይ ጉድ!

መጀመሪያ ላይ ሬዙሜ ይልክ፣ ሰው ይደውልለት፣ ከረባት አስሮ ይወጣ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚደውልለት ጠፋ፤ እሱም ከሶፋው መነሣት ተወ። ቤታችን ሜይላንድ ሃይትስ ነው፤ ከሳሎናችን መስኮት የዲርፉት አውራ ጎዳና መኪና ይታያል። ጠዋት ጠዋት ሻዩን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ይቆምና ወደ ሥራ የሚሄደውን ሰው ያያል። «ዛሬ ትራፊኩ ቀነሰ፤ እነሱንም አባረሯቸው መሰለኝ» ይለኛል።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ረዳት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ክኒን ስቆጥር፣ ዱቄት ስመዝን እውላለሁ። ከሺፍት ስገባ ያ ሰው፣ ራሱ ምንም ቢሆን፣ ጫማዬን ያወልቅልኝና እግሬን በሁለት እጁ ያሻልኛል። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ለምኜው አላውቅም። አውራ ጣቱን ተረከዜ ላይ ሲጫነው የቀኑ ድካም ውልቅ ይላል። ሥራ ባጣበት ጊዜ እንኳ ይህን አልተወም። እንዲያውም ያን ጊዜ እጁ ከበፊቱ ይልቅ ይቆይ ነበር።

ሰው የሚሆነው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የዒላማ ተኩስ ክለብ ይሄዳል። መጀመሪያ ሽጉጧን ገዝቶ የመጣ ጊዜ ያላልኩት ነገር የለም። ላይሰንሱን አውጥቶ አሳየኝ፣ መቆለፊያዋን አሳየኝ፣ የብረት ሣጥኗን አሳየኝ፤ እኔ ወይ ፍንክች! «ወይ እሷ ወይ እኔ» እስከማለት ደርሻለሁ። ኋላ ግን ከክለብ ሲመለስ ሳየው አፌ ተያዘ። ወረቀት ላይ ያሉ ቀዳዳዎች እያሳየ «ይቺን እያት፣ ይቺን እኮ!» ይላል፤ ልክ ፈተና አልፎ እንደመጣ ተማሪ። እንዲህ የሚያስደስተውን ነገር እንዴት ልጠላው?

ታዲያ አንድ ቀን «ልሸጣት ነው» አለኝ። የሱቅ ጥይት ውድ ነው፤ እንኳን ሥራ ለሌለው፣ ሥራ ላለውም ይከብዳል።

«አትሸጣትም!» አልኩት።

ዓይኑ ፈጠጠ። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?»

«እኔ ነኝ። ምን ታፈጣለህ? አትሸጣትም አልኩ፣ አትሸጣትም!»

መላውን ያመጣልን አንድ የክለቡ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ጥይት ሲተኮስ የሚሄደው ከፊት ያለው አረር ነው፤ የነሐሱ ቀለህ እዚያው ይቀራል። ሽማግሌው «ቀለህህን አትጣል፤ ቤትህ ውስጥ መልሰህ ሙላው» አለውና አሮጌ መሙያ ማሽኑን በርካሽ ሰጠው። ባለቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በብሎን አሰረው። ቀለሁን ያጥባል፣ ቂጡ ላይ አዲስ ማቀጣጠያ ይገጥማል፣ ባሩድ ይጨምራል፣ አረሩን አፉ ላይ ይጫናል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሶፋው ባዶውን ቀረ። እሰይ አልኩ! ታች ሆኖ ሲያፏጭ ስሰማው ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር።

የቀረው ባሩዱን መምረጥ ነበር። እዚህ ላይ ነው የተጣላነው።

ባሩድ አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው! በሽማግሌው ምክር ትልቅ መመሪያ መጽሐፍ ገዝቶ ነበርና እኔ የመድኃኒት መጽሐፍ በማነብበት ዓይን አነበብኩት። የትኛው ባሩድ ለየትኛው ጥይት እንደሚሆን፣ ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ተጽፏል፤ ከራስ የሚጨመር ነገር የለም። አንዱ ቶሎ ይነዳል፣ አንዱ ዘግየት ይላል። አንዱ እንደ ጤፍ ይወርዳል፣ አንዱ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ መስፈሪያው ላይ ይንጠለጠላል። አንዱ ጭስ ያበዛል። አንዱ በጣም ጥቂት ይበቃዋል፣ ሌላው ግን ብዙ ካልሆነ አይሠራም። የክለቡ ሰዎች ደግሞ ሁሉም በየባሩዱ ይምላል። የእናቱን በርበሬ የሚያወድስ ሐበሻ ነው የሚመስሉት፤ የሌላውን ሳይቀምሱ ያጣጥላሉ።

ባለቤቴ የወደደው ጥቂት የሚበቃውን ነው። አንድ ቆርቆሮ ተገዝቶ አያልቅም። የእሱ ሽጉጥ ስድስት ጥይት የሚይዝ ቤቷ የሚሽከረከር ዓይነት ነች፤ ጉዱ ያለው ቀለኋ ላይ ነው፤ ረጅምና ጥልቅ ነው። ያ ቆጣቢ ባሩድ ሲገባበት እታች ተኝቶ ይቀራል። ሁለት ጊዜ ቢገባም ያው እታች ነው፤ ከላይ ለሚያየው ሰው ብዙም አይለይም። እኔ የፈለግኩት ያን ነፋ ነፋ ያለውን፣ ብዙ ቦታ የሚይዘውን ነው። ከግማሽ በላይ ቀለሁን ይሞላዋል። ተሳስተህ ሁለቴ ብትጨምር አፉ ላይ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈስና ያዋርድሃል። አባካኝ ነው፤ ግን አይደብቅህም።

«አንቺ፣ ሥራ የለኝም እኮ» አለኝ። «ቆጣቢው እያለ አባካኙን?»

«ቆጣቢው ሁለቴ ቢገባ አይታይም።»

«ለምን ሁለቴ ይገባል? ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«ሰው ነህ።»

«ሐኪሟ ተናገረች!» ብሎ ሳቀብኝ።

«ሥራ የለኝም» ብሎ የጀመረን ሰው ምን ብለህ ትሞግተዋለህ? ተሸነፍኩ። ቆጣቢው ተገዛ። እኔ ግን በዋዛ አልተውኩትም፤ የፋርማሲያችንን ሕግ ቤዝመንት አወረድኩለት። እኛ ስንቆጥር ማንም አያናግረንም። ስልክ ፎቅ ይቀራል፣ ሬዲዮ ይዘጋል። ቀለሆቹ ሃምሳ ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ ይደረደራሉ፤ በትንሿ መስፈሪያ አንድ በአንድ ባሩድ ይገባባቸዋል። ሲያልቅ ባትሪ አብርቶ ሃምሳውንም ውስጣቸውን ያያል። ካየ በኋላ ብቻ አረር ይጫንበታል። ከመሐል የተቋረጠ እንደሆነ ሁሉንም ደፍቶ ከአንድ ይጀምራል። ይህን ሁሉ በትልቁ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት፤ ከሥሩም «ማንም ቢመጣ አትነሣ!» ብዬ አሰመርኩበት። «እሺ የኔ እመቤት» አለ። ሁለት ወር ያህልም እንዳለው አደረገ።

«ማንም» ብዬ ስጽፍ አባባ ትዝ አላሉኝም።

አባባ የባለቤቴ አባት ናቸው። ሬድስቶን የሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ምፅዋ ወደብ ላይ የመጋዘን ጸሐፊ ነበሩ። በአማርኛ የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ከአዲስ አበባዋ ይበልጣል፣ ይህም ሁልጊዜ ያናድደኛል። ልጃቸው ሥራ ካጣ ወዲህ ዓርብ ዓርብ አውቶቡስ ቀያይረው ይመጣሉ። በፎረስት ሎን ሰፈር ዞረው ትኩስ ዳቦ ይገዙና ከኮታቸው ሥር ይዘው ይገባሉ። «ዳቦው ለብቻዬ በዛብኝ» ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ የልጃቸውን ፊት ሊያዩ ነው የሚመጡት። «እንዴት ነህ፣ አይዞህ» ማለት አይችሉበትም፤ ዳቦ ይቆርሱለታል።

ልጆቻቸውን ያሳደጉት በድሮው ሥርዓት ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ብድግ ይባላል፤ «በእግዜር» ብለው እስኪቀመጡ ድረስ አይቀመጡም። ይህ በብዙ ቤት ቀርቷል፤ በእሳቸው ልጆች ቤት አልቀረም። ባለቤቴ ከእንቅልፉ ባንኖ ሲቆም አይቻለሁ። አንድ ጊዜማ የጥርስ ሳሙናው አረፋ አገጩ ላይ እየወረደ «ኖር!» ሲል በሳቅ ልሞት ነበር።

ወደዚያ ዓርብ ልምጣ። በማግስቱ የክለቡ ውድድር ነበር። ባለቤቴ ሥራ ካቆመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዝግቧል። ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ በር ላይ ሲሸኘኝ የድሮው ሰውዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ማምሻውን ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ስገባ ከቤዝመንት የሁለት ሰው ድምፅ ይሰማኛል። ወረድኩ። አባት ወንበር ላይ፣ ልጅ በርጩማ ላይ ሆነው ዳቦ ይበላሉ። ጠረጴዛው ላይ ሃምሳ ጥይት ሣጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል።

«ጨረስኩ!» አለኝ ፊቱ በርቶ።

አባባን ሳምኳቸውና «መቼ መጡ?» አልኳቸው።

«ቆየሁ እኮ ልጄ። መስፈሪያውን ይዞ ባሩድ ሲጨምር ነው የደረስኩበት። እጁ እንዴት ረጋ ያለ መሰለሽ!»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «ተነሣህ?»

«ምን?»

«አባባ ሲገቡ ተነሣህ ወይ?»

ያበድኩ መሰለው። «አባዬ ሲገቡ ቁጭ ልበል?»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ ያው ነው። «ኖር» አለ፤ ኮታቸውን ተቀበለ፤ ወንበር አመጣ፤ ውኃ ሊቀዳ ፎቅ ወጣ፤ ቢላዋ ረስቶ እንደገና ወጣ። ተመልሶ ካቆመበት ቀጠለ።

«የት ነበር ያቆምከው?»

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ…» አለና ሣጥኑን አየ። «አራተኛውም ሊሆን ይችላል። ግን አውቀዋለሁ፣ እርግጠኛ ነኝ።»

«በባትሪ አየሃቸው?»

አንገቱን አከከ። «አባዬ ብቻቸውን ቁጭ ብለው እያዩኝ… ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው። አሁን ምን አደረግኩ? እንመዝናቸው፣ ከባድ ካለ ይታወቃል።»

«አይታወቅም! ቀለሁ ከቀለህ፣ አረሩ ከአረር ይበላለጣል። ያቺ ቁንጥር ባሩድ በዚያ መሐል ትጠፋለች። መጽሐፉ ላይ ያለውን እየነገርኩህ ነው።»

«እና ምን ይሁን?»

«ይፈታ። ሃምሳውም ይፈታ።»

«ነገ በጠዋት ውድድር ነው፤ ፈትቼ እንደገና ለመሙላት ጊዜ የለኝም! ምን ይዤ ልሄድ ነው?»

«ውድድሩ ገደል ይግባ!» ብዬ ጮኽኩ። አማቴ ፊት! እስካሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

እሱ ግን አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ከስንት ወር በኋላ አንዲት ቀን» አለ፣ «አንዲት ቀን እንደ ሰው ልሁን ብል…» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እውነቱን ልናገርና፣ ልተወው ነበር። ምናልባት ልክ ነው፣ ምናልባት ሁሉም ደህና ነው፣ ይህን ደስታውን ምን በወጣኝ እነጥቀዋለሁ አልኩ በሆዴ። አፌን ከፍቼ «እሺ በቃ» ልል አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ።

«ልጄ» አሉኝ አባባ፣ «ሁለቴ የገባበት ካለ ምን ይሆናል?»

«ሽጉጧ እጁ ላይ ትፈነዳለች፣ አባባ።»

«በየትኛው እጁ ነው የሚይዛት?»

«በቀኙ።»

ዳቦውን አስቀመጡ። እጃቸውን አራግፈው የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ። «ፍቱት» አሉ። እሳቸው እንዲህ ካሉ በእኛ ቤት ይግባኝ የለም።

ጥይት መፍቻው የፕላስቲክ መዶሻ ነው። ጥይቱ መዶሻው ራስ ውስጥ ይገባና መዶሻው መሬት ላይ ይመታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታ አረሩ ከነባሩዱ ይወጣል። ሥራውን ለሦስት ተከፋፈልን። ባለቤቴ እያኮረፈ ይመታል፤ እኔ ባሩዱን ሚዛን ላይ እደፋለሁ፤ አባባ ቀለሁን እየተቀበሉ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። የመጋዘን ጸሐፊነታቸው ተመልሶ መጣ፤ አንድ ቀለህ እንኳ ከመስመር ወጣ ብሎ እንዲቆም አይፈቅዱም። አንድ፣ ልክ ነው። ሁለት፣ ልክ ነው። ዐሥር፣ ልክ ነው።

ሃያ ላይ ስንደርስ የባለቤቴ ኩርፊያ ለቀቅ አለ። ሠላሳ ላይ ፈገግታ ጀመረው። «ሐኪም ሆይ፣ አልበቃሽም?» አለኝ። እኔም ሽንፈቴን እያሸተትኩ ነበር። ደስ የሚል ሽንፈት ነው፤ እንኳን ተሸነፍኩ እያልኩ ይቅርታዬን በሆዴ አዘጋጅ ነበር። ቅዳሜውን እንዴት እንደምክሰው ሁሉ አስቤያለሁ።

«ሠላሳ ስምንት» አሉ አባባ።

ባሩዱን ደፋሁ። የሚዛኑ ምላስ ዘለለ። አልመጣጠን አለ፤ ደግሜ አራግፌ፣ ሳህኑን ጠርጌ፣ እንደገና መዘንኩ። እጥፍ ነበር። አንዲት ፍሬ ሳይጎድል እጥፍ! ሚዛንም አያስፈልገውም፤ ሳህኑ ላይ የተቆለለውን ዓይን ያየዋል።

እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው ሴትዮ፣ ሳህኑን ብቻ ወደ እሱ ገፋሁለት። ጎንበስ ብሎ አየ። መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። አባባ ቀለሁን እንደያዙ ቆመዋል፤ መስመሩ ላይ አላስቀመጡትም።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የገባሁብህ እኔ ነኝ።»

«አይደለም አባዬ። የተነሣሁት እኔ ነኝ።»

«እንድትነሣ ማን አስተማረህ?»

እሳቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ጉልበታቸውን አጠፉ። ልይዛቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ያ ጉልበት ቤተ ክርስቲያን እንኳ መስገድ ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን ሲሚንቶው ላይ፣ ከልጃቸው አጠገብ ተንበረከከ። ባሩድ ያጠቆረውን ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት። በእኛ አገር እጅ የሚሳመው የአባት ነው፤ የሚስመው ልጅ ነው። ባለቤቴ ደነገጠና ሊነጥቃቸው ሞከረ።

«አባዬ! ተዉ እንጂ፣ ነውር ነው!»

«ዝም በል!» አሉት፤ ሕፃን ሳለ በሚቆጡበት ድምፅ። እጁን ገልብጠው መዳፉን ሳሙት። ከዚያ ጣቶቹን ከአውራ ጣቱ ጀምረው አንድ በአንድ ሳሙ፤ አንዷንም አልዘለሉም።

ባለቤቴ እያለቀሰ እጁን ተወላቸው። እኔም ሳህኑን አስቀምጬ አጠገባቸው ተንበረከክሁና ተራዬን ጠበቅሁ።